ደራሲዋን አላውቃትም

ቨርና የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ «ኮቫል» ብላ እንደጻፈች እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ቹክ ነው መጨረሻው» አለች ከባንኮኒው ወዲያ የቆመችው ወጣት። ሰው ስሟን ሲጽፍ መሃል ላይ እንደሚቆም የለመደች ትመስላለች። «ኮቫልቹክ። ዳርሲ ኮቫልቹክ።»

ቨርና ፊደሉ ጠፍቷት አልነበረም። ይህንን ስም ከሰባት ሳምንት በፊት በገዛ እጇ ጽፋው ነበር። አጠገቡም ሁለት ኮከብ አስቀምጣለች፤ ከአምስት ሁለት።

ቀሪዎቹን ፊደላት ጻፈችና ቀና ብላ አየቻት። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ጃኬቷ እጅጌው ላይ ግራሶ ነክቶታል፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ይዛዋለች። የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለው ፎቶ ይህን ሁሉ አያሳይም። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ከተማ ያደገች፣ ጫማዋ ጭቃ የማያውቅ ነበር የምትመስለው። ቨርናም እንደዚያ ብላ ነበር የገመተቻት፤ ግምቷንም ለሦስት ሺህ ሰው ነግራለች።

ዳርሲ በፌስታል የጠቀለለችውን ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። የጀልባ ሞተር ውስጥ ገብቶ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚገፋ ትንሽ ጎማ ነው፤ ክንፎቹ ግማሾቹ ተቆርጠዋል፣ ግማሾቹ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል።

«የአባቴ ሞተር ነው» አለች። «በዕድሜ ይበልጠኛል። ካላገኙልኝ አይከፋኝም፣ ሁለት ቦታ ጠይቄ ስቀውብኛል።»

ከኋላ ካለው ጥገና ክፍል የባለሱቁ የገስ ድምፅ መጣ። ሞተሩ ሙዚየም መግባት ሲገባው ሐይቅ ውስጥ ማስገባት ኃጢአት ነው አለ። ቨርና አልሳቀችም። ጎማውን አገላብጣ እያየች፣ ለራሷም ባልገባት ምክንያት፣ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ዘንድሮ እናንተ ጋ የሐይቁ በረዶ መቼ ለቀቀ?»

«ግንቦት ሦስት» አለች ዳርሲ ሳታስብ። «አባቴ በረዶው የሚለቅበትን ቀን በየዓመቱ ጀልባ ቤቱ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ። እሱ ካረፈ ወዲህ ያሉትን ሁለቱን ደግሞ እኔ ጻፍኳቸው።»

ቨርና ስልክ ቁጥሯን ተቀበለች፣ መጋዘኑን አይታ እንደምትደውል ነገረቻት። ልጅቱ አመስግና ወጣች። በሩ ላይ ያለችው ደወል እስክትረጋ ድረስ ቨርና ወረቀቱን እያየች ቆመች።

ኬኖራ ትንሽ የካናዳ ከተማ ናት፣ ሐይቁ ግን ትልቅ ነው። ቨርና ሃልቮርሰን ሥልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን የጀልባ ሞተር መለዋወጫ በሚሸጥበት በዚህ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ አሳልፋዋለች። ወንዶች መጥተው «መካኒኩ የለም?» ይሏታል፤ እሷም የሚፈልጉትን ዕቃ ቁጥሩን በቃሏ ጠርታ ታሳፍራቸዋለች። ቤቷ ስትገባ ግን ሌላ ስም አላት። አንባቢዎች መጽሐፍ በሚገመግሙበት ድረ-ገጽ ላይ «ከባንኮኒው ጀርባ» በሚል ስም ትጽፋለች። በሰባት ዓመት አራት መቶ አሥር መጽሐፍ ገምግማለች፤ ሦስት ሺህ ሰው ይከታተላታል።

የጀመረችው ባሏ አርኔ በሞተ በስምንተኛው ወር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ያነበበችው ልብ ወለድ አናድዷት የምትነግረው ሰው ስታጣ ድረ-ገጹ ላይ ጻፈችው። በማግስቱ አንዲት የማታውቃት ሴት «ጥሩ ብለሻል። ታዲያ ምን ባነብ ይሻለኛል?» ብላ መለሰችላት። በእነዚያ ስምንት ወራት ውስጥ ስለ ምንም ነገር ሐሳቧን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቨርና ያን ቀን ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጣ አልቅሳ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችውም።

ሥራውን በሥርዓት ነው የያዘችው። ጨርሳ ያላነበበችውን መጽሐፍ አትገመግምም። ከክፉው በፊት አንድ ደግ ነገር ትፈልጋለች፤ ከጠፋ ግን አትፈጥርም። የሚያውቁት ሰው ለጻፈው መጽሐፍ ኮከብ መስጠት ነውር ነው ትላለች። እያንዳንዱን ግምገማ የምትዘጋውም ባልተለወጡ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው፦ መጽሐፉን ከአሳታሚው በነጻ አገኘሁት። ደራሲዋን አላውቃትም። ደራሲው ወንድ ከሆነ «አላውቀውም» ትላለች እንጂ ሌላው አይቀየርም። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አንድም ቀን ውሸት ሆኖ አያውቅም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከደራሲዎችም ውጭ ቨርና የምታውቀው ሰው ብዙ አልነበረም።

የዳርሲ መጽሐፍ «አርባ አንድ ጸደይ» ይባላል። ስለ አንድ ዓሣ አስጋሪና ስለ ሴት ልጁ ነው። ቨርና ግማሹን ወድዳው ነበር። ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ ግን የካቲት ሲገባ የሐይቁ በረዶ ለቀቀ የሚል አገኘች። በየካቲት በዚህ ሐይቅ በረዶ ላይ የጭነት መኪና ይነዳል። ገጹን ፎቶ አንስታ ከግምገማው ጋር ለጠፈችው፤ ከሥሩም «ደራሲዋ በረዶ ሲቀልጥ ያየችው ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ሳይሆን አይቀርም» ብላ ጻፈች። ሰባት መቶ አርባ ሰው ወደደላት። ሌሎች ገምጋሚዎች መጽሐፉን እንኳ ሳይገልጡ የበረዶና የብርጭቆ ሥዕል እያስገቡ ተቀባበሏት። ከጻፈቻቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደዚያች የተወደደ አልነበረም። ለሁለት ቀን ስልኳ ሲንጫጫ ዋለ፣ ቨርናም ሁለት ቀን ሙሉ ቤቷ ሰው የሞላበት መሰላት።

ግንቦት ሦስት ብላ ሳታስብ የምትመልስ ሴት የካቲት ብላ አትጽፍም። ይህ ነበር ቨርናን የከነከናት። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሳንድዊቿን መሳቢያ ውስጥ ትታ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄደች። መጽሐፉ የአካባቢው ጸሐፊዎች መደርደሪያ ላይ ነበር። ገጽ ሰማንያ ስምንትን ገለጠች።

«ግንቦት ሲገባ በረዶው ለቀቀ» ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የራሷን ግምገማ ከፈተች፣ ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፋችው። የካቲት። ቃሉን በጥፍሯ እየጠቆመች ነው ያነሳችው። ከገጹ ግርጌ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ መስመር አለ፤ ግማሹ በአውራ ጣቷ ተሸፍኖ የቀረው «ሳያመሳክሩ አይጥቀሱ» ይላል። ጣቷ የሸፈነውን ለማወቅ ማየት አያስፈልጋትም። ለገምጋሚ ቀድሞ የሚላክ ቅጂ ሁሉ በየገጹ የሚሸከመው ማስጠንቀቂያ ነው፦ ያልታረመ ቅጂ፤ ከታተመው መጽሐፍ ጋር ሳያመሳክሩ አይጥቀሱ። አራት መቶ አሥር መጽሐፍ ያነበበ ሰው ይህን አላየሁም ሊል አይችልም። አይታዋለች፤ ቀልዷ አስቸኩሏት ነው እንጂ።

መደርደሪያው አጠገብ ቆማ ለማርጎ ጻፈችላት። ማርጎ ሃሊፋክስ ነው የምትኖረው፣ እሷም ገምጋሚ ናት። ለአምስት ዓመት በየቀኑ ተጻጽፈዋል፣ ድምጿን ግን ሰምታው አታውቅም። መልሱ ወዲያው መጣ።

«የጠየቀሽ አለ?»

«የለም» ስትል ጻፈች ቨርና።

«እንግዲያው ዓረፍተ ነገሯን አጥፊና ዝም በይ። ማን ያያል?»

ችግሩ ቨርና በዚህ ነገር ላይ የታወቀ አቋም ያላት መሆኑ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ገምጋሚ የጻፈውን ድምፁን አጥፍቶ ሲለውጥ ያዘችውና ስሙን ጠርታ ረጅም ጽሑፍ ጻፈችበት። ሰውዬው ድረ-ገጹን ለቆ ሄደ። ያኔ ሰው ሁሉ «ደግ አደረግሽ» ብሏት ነበር። አሁንም መለስ ብላ ስታስበው ስህተት አታገኝበትም፤ ሰውዬው ምናልባት ማታ ማታ እንደሷ ብቻውን የሚቀመጥ ሊሆን እንደሚችል ግን ያኔ አላሰበችም ነበር።

ወደ ሱቅ ተመልሳ መጋዘን ገባች። የገስ አባት በሕይወት ሳለ የተከማቹ፣ ማንም ነክቷቸው የማያውቅ መሳቢያዎች አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስትፈልግ ቆይታ ጎማውን ከአራተኛው መሳቢያ ሥር፣ ሙጫው በደረቀ ካርቶን ውስጥ አገኘችው። አዲስ ነው፣ ክንፎቹ ያልተነኩ። እንደዚያ ያለ ደስታ ተሰምቷት እንደማያውቅ ሁሉ ደስ አላት። የካሰችው ዕዳ ያለ መስሏት ነበር፤ ስልኩን ስታነሳ ግን እንዳልካሰች ገባት።

ዳርሲ ሱቁ ሊዘጋ ሲል መጣች። ጎማውን በሁለት እጇ ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«እንዴት አድርገው አገኙት?»

«አንቺ በይኝ» አለቻት ቨርና። «እርስዎ ስትዪኝ ጉልበቴን ያመኛል።»

ገስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለ። ከምሳ በኋላ ስሟን ከወረቀቱ ላይ አንብቦ ኖሯል።

«ቨርና፣ ይቺ እኮ ደራሲ ናት» አለ። «የኮቫልቹክ ልጅ! እኔን መጽሐፉ ውስጥ አስገብታኝ ይሆን እያልኩ ነው። ቨርና ካላነበበችው ማንም አላነበበውም ማለት ነው፣ እሷ እኮ የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ሳይቀር ነው የምታነበው።»

ዳርሲ ፊቷ ቀላ። «አነበብሽው?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እና?»

ቨርና መዋሸት ትችል ነበር። ባንኮኒ ላይ የቆመ ሰው በቀን አሥር ጊዜ ይዋሻል፤ ማንም አይቀየመውም። «መጀመሪያው ጥሩ ነው» አለች። «አባትየው ጥሩ ነው። ልጅቷ ወደ ዊኒፔግ ከሄደች በኋላ ግን ይንዛዛል።»

ገስ አንገቱን አቀርቅሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። ዳርሲ ግን ሳቀች፣ ከልቧ ነበር።

«እግዜር ይስጥሽ። ሰው ሁሉ ‹ጎበዝ› ብሎኝ ነው የሚሄደው። መንዛዛቱን እኔም አውቀዋለሁ፣ አንዲት ገምጋሚም ይህንኑ ብላለች።» ከዚያ ሳቋ ቀነሰ። «እሷ ሁለት ኮከብ ሰጠችኝ። ሁለቱ ኮከብ አላመመኝም፣ እውነቴን ነው። ያመመኝ ሌላ ነው።»

ቨርና አልጠየቀችም። ዳርሲ ግን ነገረቻት። ምዕራፉን ከክረምት ወደ ጸደይ ስታዛውር ወሩን መቀየር ረስታ ነበር፤ አራሚዋ ይዛው መጽሐፉ ተስተካክሎ ወጣ። ገምጋሚዋ ያነበበችው ግን ቀድሞ የተላከውን ነው።

«በረዶ ያየችው ብርጭቆ ውስጥ ነው አለችኝ» አለች ዳርሲ። «ባለፈው ሳምንት ነዳጅ ስቀዳ አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ‹ውስኪው በበረዶ ነው ያለ በረዶ?› አለኝ። ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። አባቴ ግን ያንን ግድግዳ አርባ አንድ ዓመት ጽፏል። የእሱ ልጅ ሆኜ በረዶ የማላውቅ መባሌ...»

«ለምን አልጻፍሽላትም?» አለች ቨርና። ድምፅዋ የሰው ሆነባት።

«ደራሲ ለገምጋሚ አይመልስም። አሳታሚዎቹ አስቀድመው ነው የሚያስጠነቅቁሽ፣ ደግሞም ልክ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ግን ገጿን ከፍቼ አየዋለሁ፣ ምናልባት አይታው ይሆናል እያልኩ። ሞኝነት ነው።» ጎማውን ኪሷ ከተተችው። «ባገኛት አልሰድባትም። ግድግዳውን አሳያት ነበር።»

ነገሩ ቨርና አፍ ድረስ መጣ። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። ዳርሲ ግን ቀደመቻት።

«አንቺን ግን ላሳይሽ እችላለሁ። እሑድ ሞተሩን አስነሳዋለሁ፣ ጎማውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ፣ ሳትሰሚው መቅረት የለብሽም። ዓሣ እጠብሳለሁ። ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አለች ቨርና። ከመቼው እንዳለችው አላወቀችም። እሑድ የሚባል ቀን ከነበራት ብዙ ጊዜዋ ነው። አርኔ ከሞተ ወዲህ የዚህ ከተማ ሰው ነይ ቤቴ ብሏት የሄደችው ለቀብር ብቻ ነው። ስለዚህ ፈለገችው። እሑድን እንዳለ፣ ከነዓሣው ከነሞተሩ ድምፅ ፈለገችው፤ ለዚያም ብላ ዝም አለች።

ቤቷ ስትገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ በዚህ ወቅት ቶሎ አትጠልቅም። ሾርባ አሙቃ ምድጃው አጠገብ እንደቆመች ግማሹን ጠጣች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ግምገማው እዚያው ነው። ከጠዋት ወዲህ አራት ሰው ጨምሯል፣ ሰባት መቶ አርባ አራት።

ማርጎ እንዳለችው ዓረፍተ ነገሯን ብታጠፋ ዳርሲ ነገ ጠዋት ገጹን ከፍታ መጥፋቷን ታያለች፣ ደስ ይላታል። እሑድም እሑድ ሆኖ ይቀራል። ቀልዷ ግን በየሰው ገጽ ላይ ተበትናለች፤ ከዚህ ብትጠፋ ከነዳጅ ማደያው አትጠፋም። ሁለቱን ኮከብ አምስት ብታደርገውስ? ልጅቷ ደግ ናት፣ መጽሐፉ ግን አሁንም ይንዛዛል፤ አምስት ኮከብ ብትሰጣት ዛሬ ፊት ለፊት የነገረቻትን መካድ ይሆናል። እንዳለ ብትተወውስ? ማንም አይጠይቃትም። ሦስት ሺህ ሰው ነገም ምን እናንብብ ይላታል፣ እሷም ትመልሳለች። ሁሉንም መንገድ ዞረችው፤ በየትኛውም ብትሄድ እሑድ ዕለት ግድግዳው ፊት የምትቆመው ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው።

ስህተቷን ልትናዘዝ መወሰኗን ለማርጎ ጽፋላት ነበርና ስልኳ ብልጭ አለ። «አትበጂ። ያንን ሰውዬ ያባረርሽው አንቺ ነሽ፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው የሚሆነው። ይበሉሻል» ይላል መልእክቱ። ቨርና ስልኩን ገለበጠችው።

የቀድሞውን ግምገማ አላጠፋችውም። ሰው እንዲያየው እንዳለ ተወችውና ከላዩ ጻፈች። ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ ስህተቱ የእኔ ነው አለች። ያልታረመ ቅጂ ሳላመሳክር ጠቀስኩ፤ ፎቶውን አስፍታችሁ ብታዩት የማስጠንቀቂያውን ግማሽ አውራ ጣቴ ሸፍኖታል። የታተመው መጽሐፍ ግንቦት ይላል፣ ግንቦት ደግሞ ልክ ነው። ደራሲዋ ስለዚህ ሐይቅ በረዶ እኔ ከማውቀው በላይ ታውቃለች። ቀልዷን የወሰዳችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህችንም ውሰዱልኝ። ከዚህ በፊት በሌላ ገምጋሚ ላይ የጻፍኩትን የምታስታውሱ በእኔም ላይ ጻፉት፣ አይከፋኝም። ይህን የመጨረሻውን እያነበበች «ይከፋኛል» ብላ አረመችው፤ ውሸት ነበርና። ሁለተኛው ክፍል ይንዛዛል ያልኩት ግን አሁንም ሐሳቤ ነው ስትል ጨመረች።

ከዚያ ወደ ኮከቦቹ ሄደች። ሁለቱንም አነሳቻቸው፣ በቦታቸው ምንም አልተካችም። ከሥር ሁለቱ የተለመዱ ዓረፍተ ነገሮች ቀሩ። መጽሐፉን ከአሳታሚው በነጻ አገኘሁት፤ ይህ እውነት ነው። ደራሲዋን አላውቃትም።

እዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች። ሾርባው በረደ። ሰውን ማወቅ ማለት ምን ያህል እንደሆነ አታውቅም፤ የአባቷን ግድግዳ፣ ፀጉሯ ላይ ያለውን እርሳስ፣ ነዳጅ ማደያው ላይ ሳትወድ መሳቋን ግን ታውቃለች። «አላውቃትም» የሚለውን አጥፍታ «አውቃታለሁ» ብላ ጻፈች። ቀጥላም፦ ዛሬ ለአባቷ ሞተር የፓምፕ ጎማ ሸጥኩላት፣ እሷም እሑድ ቤቷ ጠርታኛለች። ይህን ካነበበች በኋላ ሐሳቧን ብትቀይር አልቀየማትም።

ግርጌው ላይ «ከባንኮኒው ጀርባ» የሚለውን ትታ ቨርና ሃልቮርሰን ብላ ፈረመች። ደግማ ሳታነበው ለጠፈችው።

ስልኩ እንደተገለበጠ መንጫጨት ጀመረ፤ አላነሳችውም። ወደ ጓዳ ሄዳ፣ ከአርኔ ዘመን ወዲህ ጀልባ ላይ አድርጋቸው የማታውቃቸውን የጎማ ቦቲዎቿን አወጣች። አቧራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችና፣ ምናልባት ለእሑድ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።